የሠርግ ብሉሬይን ለእናት ስልክና ለቤት ቴሌቪዥን ስለ ማዘጋጀት፦ ለአንዲት ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ አንዲት ጠያቂ የታላቅ እህታቸው ሠርግ የተቀረጸበት የብሉሬይ ዲስክ አላቸው። ሠርጉ የተፈጸመው በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን አቅራቢያ ሲሆን፣ በዲስኩ ሽፋን ላይ እንደተጻፈው ቀረጻው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ይፈጃል። የራሳቸው ላፕቶፕ ዲስኩን ማንበብ ስላልቻለ ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስደው በፋይል አስገልብጠዋል፤ ውጤቱ ግን አራት እንከን አለበት። የተክሊሉ ሥርዓት ጨርሶ የለም፤ እስክስታ በሚመታበት ቦታ ሁሉ ምስሉ በአግድም መስመር ይሰነጣጠቃል፤ ደብረ ብርሃን ያሉት እናታቸው በስልካቸው ሲከፍቱት ምስሉ ይታያል እንጂ ድምፅ የለውም፤ ለቤታቸው ቴሌቪዥን ብለው በ16 ጊጋባይት ፍላሽ ሊገለብጡት ሲሞክሩ ደግሞ፣ ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት መጥቶባቸዋል። በተጨማሪም የሙሽራው ጓደኞች በእንግሊዝኛ ያደረጉት ንግግር ለእናታቸው እንዲገባቸው የአማርኛ ጽሑፍ ከሥር ማስገባት ይቻል እንደሆነ፣ እህታቸው የላኩላቸውን አራት የፊልም ዲስኮችስ በዚሁ መንገድ መለወጥ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃሉ። የመጨረሻው ጥያቄያቸው «የትኛውን ሶፍትዌር ልጠቀም?» የሚል ነው።

ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ሶፍትዌሩ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉም የሚቀለው ምርጫ ነው። እኔ ከእርስዎ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በቱሉ ዲምቱ ቪዲዮ በማቀናበርና የቆዩ ቀረጻዎችን በመገልበጥ ሥራ ላይ ነኝ፤ ተበላሽተው ወደ እኔ የሚመጡትን ፋይሎች ስመለከት የአብዛኞቹ ጥፋት የመጣው ከሶፍትዌሩ ሳይሆን፣ ገልባጩ «ይህ የሚታየው በምን ላይ ነው?» ብሎ ሳይጠይቅ ሥራውን በመጀመሩ ነው። የእናትዎ ስልክና የቤትዎ ቴሌቪዥን መቀበል የሚችሉት ምን እንደሆነ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አራቱን እንከኖች አንድ በአንድ እያነሣሁ ምክንያታቸውንም መፍትሔያቸውንም እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ ግን ላፕቶፕዎ ዲስኩን ለምን እንዳላየው ልንገርዎ። ዲቪዲና ብሉሬይ በዓይን ሲያዩአቸው መንትያ ይመስላሉ፤ የሚነበቡት ግን በተለያየ ብርሃን ነው። የዲቪዲ ማንበቢያ 650 ናኖሜትር ርዝመት ያለው ቀይ ሌዘር ሲጠቀም፣ ብሉሬይ ስሙን ያገኘበት ሰማያዊ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላው ሌዘር 405 ናኖሜትር ብቻ ነው። አጭሩ ሞገድ ይበልጥ ጠባብ ነጥብ ላይ ማነጣጠር ስለሚችል መረጃው በጣም ተጠጋግቶ ይጻፋል፤ ባለ አንድ ንብርብር ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ፣ ባለ አንድ ንብርብር ብሉሬይ 25፣ ባለ ሁለት ንብርብሩ ደግሞ 50 ጊጋባይት የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። የላፕቶፕዎ ማንበቢያ የዲቪዲ ከሆነ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ቢጭኑበት ይህን ዲስክ ሊያነበው አይችልም። የሚያስፈልግዎት በዩኤስቢ የሚሰካ የብሉሬይ ማንበቢያ ነው፤ ለአንድ ዲስክ ብለው ከሚገዙም የሚያውሱዎት ሰው ቢፈልጉ ይሻላል። የሚገዙ ከሆነ በመገናኛና በመርካቶ ሱቆች በብዛት ያሉት ቀጫጭን ጥቁር ማንበቢያዎች አብዛኞቹ የዲቪዲ ብቻ መሆናቸውን አይርሱ፤ ሻጩ ቢያረጋግጥልዎትም የብሉሬይ ዓርማ ፊት ለፊቱ ላይ መታተሙን በዓይንዎ ሳያዩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ።

ማንበቢያው ዲስኩን ማሽከርከር ጀምሮ በየመሐሉ የሚጠፋ ከሆነ ዲስኩ ተበላሽቷል ብለው አይደምድሙ። አሮጌው የዩኤስቢ 2 መሰኪያ እስከ 500 ሚሊአምፔር፣ አዲሱ ዩኤስቢ 3 እስከ 900 ሚሊአምፔር ብቻ እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሞተሩ ሲነሣ የሚፈልገውን ኃይል አያገኝ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በሁለት መሰኪያ የሚሰካ ገመድ ችግሩን ይፈታዋል። ከኃይል ቀጥሎ ሁለተኛው ጠላት አቧራ ነው። የቱሉ ዲምቱ ስም በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት መሆኑን በጥርና በየካቲት መስኮቱን ከፍቶ የሚሠራ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ የእናንተም ሰፈር ከዚህ አይሻልም። የብሉሬይ መረጃ የተቀመጠው ከዲስኩ ገጽ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ነው፤ በዲቪዲ ይህ ርቀት 0.6 ሚሊሜትር ነበር። ለመከላከያ ጠንካራ ልባስ ቢደረግለትም፣ የዲቪዲን ጭረት ያጠፋል እየተባለ በየቤቱ የሚሞከረውን የጥርስ ሳሙና እንዳያስጠጉት። በመነጽር መጥረጊያ ዓይነት ለስላሳ ጨርቅ፣ በክብ ሳይሆን ከመሐል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርገው ይጥረጉት።

አሁን ወደ ጠፋው ተክሊል እንምጣ። ዲስኩ ሲከፈት ቢዲኤምቪ የሚል ዋና ማኅደር ያያሉ፤ በውስጡ ካሉት ንዑስ ማኅደሮች ለእኛ የሚያስፈልጉት ሁለት ናቸው። ስትሪም በሚባለው ውስጥ ምስሉና ድምፁ በቁጥር በተሰየሙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ተቀምጧል፤ ፕሌይሊስት በሚባለው ውስጥ ደግሞ እነዚያ ቁርጥራጮች በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚጫወቱ የሚናገሩ በጣም ትንንሽ ፋይሎች አሉ። ማጫወቻ መሣሪያ የሚያነበው ሁለተኛውን ነው። የቪዲዮ ቤቱ ሠራተኛ ግን ስትሪምን ከፍቶ ትልቁን ፋይል ብቻ ወስዷል ብዬ እገምታለሁ፤ ያገኙት ፋይል 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መሆኑና ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው 35 ደቂቃ መጉደሉ ከዚህ ጋር ይስማማል። ተክሊሉ አልተቆረጠም፤ በሌላ ቁርጥራጭ ውስጥ ሆኖ ሳይነካ ዲስኩ ላይ ተቀምጧል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቢዲኤምቪ ማኅደሩን እንዳለ ወደ ሃርድ ዲስክዎ ይገልብጡት። ብሉሬይ በመደበኛው ፍጥነት በሰከንድ 36 ሜጋቢት፣ ማለትም 4.5 ሜጋባይት ያነብባል፤ ሙሉ 25 ጊጋባይት በዚያ ፍጥነት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስለሚወስድ፣ ቢዘገይ አይደናገጡ። ቀጥሎ ኤምኬቪቱልኒክስ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከፍተው ከፕሌይሊስት ማኅደር ውስጥ ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሆነውን ዝርዝር ይስጡት፤ ቁርጥራጮቹን ሁሉ በቅደም ተከተላቸው ሰብስቦ፣ አንዲት ነጥብ ሳያጓድል፣ ከነምዕራፎቹ ኤምኬቪ የተባለ ዓይነት አንድ የቪዲዮ ፋይል ያደርግልዎታል። ይህ ሥራ ምስሉን ዳግም መጭመቅ ስለሌለበት በደቂቃዎች ያልቃል። ቀረጻው በአማካይ በሰከንድ 18 ሜጋቢት ቢሆን እንኳ ፋይሉ ወደ 18 ጊጋባይት ይሆናል፤ እናት ፋይል ብለው ይሰይሙትና በምንም ምክንያት አያጥፉት። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ከእርሱ የሚወለድ ቅጂ ነው። ከቪዲዮ ቤቱ ያመጡትን ፋይል እንደ መነሻ ለመጠቀም ግን አያስቡ፤ ለምን እንደሆነ እስክስታው ላይ ስንደርስ ግልጽ ይሆናል።

የላኩልኝን የ40 ሰከንድ ቅንጫቢ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሙሽራዋ ቆማ ስትስቅ ምስሉ ንጹሕ ነው፤ አጃቢዎቹ ትከሻቸውን መስበቅ ሲጀምሩ ግን የነጠላው ጥለትና የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል። ይህ የዲስክ ብልሽት አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ የሠርግ ካሜራዎች የሚቀርጹት ኢንተርሌስድ በሚባለው ስልት ነበር፤ ካሜራው በሰከንድ 30 ሙሉ ምስል በማንሣት ፈንታ 60 ግማሽ ምስል ያነሣል፣ በትክክል ለመናገር 59.94። የመጀመሪያው ግማሽ ከ1080 መስመሮች ውስጥ ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን 540 መስመሮች፣ ቀጣዩ ግማሽ ተጋማሾቹን 540 ይይዛል። የቆመ ሰው በሁለቱም ግማሽ አንድ ቦታ ላይ ስላለ መስመሮቹ ተጋጥመው ሙሉ ምስል ይሆናሉ። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻ ግን በሁለቱ ግማሾች መካከል ባለው የሰከንድ አንድ ስድሳኛ ውስጥ ቦታውን ስለሚለቅ፣ ሁለቱ ግማሾች በአንድ ምስል ውስጥ ሲሰፉ ጠርዙ ይተረተራል። የሌላ አገር ሠርግ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ኬክ እስኪቆረስ ድረስ ላይታወቅ ይችል ነበር፤ የእኛን ጭፈራ ግን ለዚህ ስልት የተዘጋጀ ፈተና አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ።

የሠራተኛው ስሕተት መስመሮቹን ሳይለያይ ምስሉን ከ1080 ወደ 720 መስመር ማሳነሱ ነው። መጠኑ ሳይነካ ቢቀር ኖሮ ሁለቱን ግማሾች መልሶ መለየት ይቻል ነበር፤ ሲጠብብ ግን የአንዱ ግማሽ መስመር ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ አዲስ መስመር ስለሚሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚለያየው መሣሪያ የለም። ከዲስኩ እንደገና መጀመር ግዴታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ፣ ፊልተርስ በሚለው ገጽ፣ ዲኢንተርሌስ የሚለውን ማብራትና ያዲፍ የተባለውን ዘዴ ቦብ በሚለው አማራጭ መምረጥ ነው። ቦብ ማለት እያንዳንዱን ግማሽ ምስል ራሱን የቻለ ሙሉ ምስል አድርጎ ማውጣት ነው፤ በሰከንድ 60 ግማሽ የነበረው 60 ሙሉ ይሆናል። ተራው አማራጭ ግን 30 ብቻ ያወጣል፤ መሰንጠቁ ይጠፋል፣ ከእርሱ ጋር ግን የእንቅስቃሴው ግማሽ ይጠፋል፣ እስክስታውም የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአገራችን ቴሌቪዥን ልማድ በሰከንድ 25 ምስል አድርጎ ማውጣት ነው፤ 60ው ለ25 እኩል ስለማይካፈል ምስሉ በየጊዜው ይደናቀፋል። ስለዚህ የፍሬም ብዛቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚታየውን የምስል ብዛት፣ 59.94 ብለው ራስዎ ይምረጡ፤ ለሶፍትዌሩ ግምት አይተዉት።

እዚህ ላይ አንድ ውሳኔ አለ፤ በሙያ ባልደረቦቼ መካከልም የሚያከራክር ስለሆነ የእኔን አቋም ብቻ እናገራለሁ። ኤች.264 በተባለው የምስል መጭመቂያ ደረጃ መሠረት 1080 መስመር በሰከንድ 60 ጊዜ ማጫወት ሌቭል 4.2 የሚባለውን አቅም ይጠይቃል፤ ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖች ግን ከ4.1 አያልፉም። ቴሌቪዥንዎ እርስዎ እንዳሉት ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ከሆነ ሁለት ምርጫ ይቀርዎታል፤ 1080 መስመር በ30 ምስል ወይም 720 መስመር በ60 ምስል። ሁለተኛው ሌቭል 3.2 ብቻ ስለሚጠይቅ ማንኛውም ኤች.264 የሚያነብ ባለ ዩኤስቢ ቴሌቪዥን ይችለዋል ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው «ፉል ኤችዲ» የሚለውን ስም ላለማጣት የመጀመሪያውን ይመርጣል። እኔ ግን ሠርግ ሲሆን ሁልጊዜ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ በሦስት ሜትር ርቀት ሶፋ ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የጠፉትን መስመሮች አይቆጥርም፣ የትከሻው አመታት ሲቆራረጥ ግን ወዲያው ያስተውላል። ለስልኩ ደግሞ 960 በ540 በቂ ነው፤ 540 የአንዱ ግማሽ ምስል የመስመር ብዛት ራሱ ስለሆነ ከቁመቱ የሚጠፋው ነገር ጥቂት ነው።

ኤች.265 የተባለው አዲሱ መጭመቂያ በግማሽ መጠን ተመሳሳይ ጥራት ይሰጣል ሲባል ሰምተው ይሆናል። በጥሩ ሁኔታ ሲሠራ ከዚያ የሚቀራረብ ነገር ይሰጣል፤ ደረጃው የወጣው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ስለሆነ የእርስዎ ቴሌቪዥን ላያውቀው ይችላል፤ በዚህ ሥራ ይተዉት።

የፍላሹ ችግር ከዲስኩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ፍላሽዎ የተዘጋጀው ፋት32 በተባለው የአቀማመጥ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህ ሥርዓት አንድ ነጠላ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ እንዲሆን አይፈቅድም፤ ፍላሹ 16 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም የእርስዎ ፋይል 4.6 ስለሆነ አልተቀበለውም። ፍላሹን ኤክስፋት ወደሚባለው ሥርዓት መለወጥ ኮምፒውተሩን ያስደስታል፤ የቆየ ቴሌቪዥን ግን ኤክስፋትን ስለማያነብ ፍላሹን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን ለፍላሹ ማስማማት ይሻላል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ የሚፈሰውን ሜጋቢት በሰከንዶች ብዛት አባዝተው ለ8 ሲያካፍሉ ሜጋባይቱን ያገኛሉ። ሙሉው ሠርግ 8100 ሰከንድ ስለሆነ ምስሉ 5 ሜጋቢት ቢሰጠው ከ5 ጊጋባይት በላይ ይሆናል፣ አይገባም። ነገር ግን ሠርጉን በተፈጥሮ በሚከፈልበት ቦታ ለሁለት ቢከፍሉት፣ ማለትም ተክሊሉን 35 ደቂቃ፣ የአዳራሹን ፕሮግራም 100 ደቂቃ ቢያደርጉት፣ አዳራሹ 6000 ሰከንድ ይሆንና ለምስል 5 ሜጋቢት፣ ለድምፅ 160 ኪሎቢት ተሰጥቶት 3.87 ጊጋባይት ላይ ያርፋል። ተክሊሉ 1.4 እንኳ አይሞላም። ሃንድብሬክ ላይ አማካይ ቢትሬት (በሰከንድ የሚፈሰው መጠን) የሚለውን መርጠው 5000 ኪሎቢት፣ ማለትም 5 ሜጋቢት ይጻፉና መልቲ ፓስ የሚለውን ያብሩ፤ ሶፍትዌሩ መጀመሪያ ቀረጻውን ሁሉ ቃኝቶ፣ ቁጭ ካሉ እንግዶች ቆጥቦ ለጭፈራው ይሰጣል። የመጠን ገደብ በሌለበት ሥራ አርኤፍ የሚባለውን የጥራት መለኪያ በ20 እና በ22 መካከል አድርጌ መጠኑን ለሶፍትዌሩ እተወዋለሁ፤ ገደብ ሲኖር ግን የሚያዋጣው አማካዩ ነው።

ለእናትዎ በቴሌግራም ለመላክ ካሰቡ ደግሞ፣ ቴሌግራም ክፍያ ለማይከፍል ተጠቃሚ የሚፈቅደው በአንድ ፋይል 2 ጊጋባይት ነው። በ960 በ540 መጠን ለምስል 2.4 ሜጋቢት፣ ለድምፅ 128 ኪሎቢት ቢሰጡ አዳራሹ 1.9 ጊጋባይት፣ ተክሊሉ 660 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ሲልኩ በቪዲዮ መልክ ሳይሆን በፋይል መልክ ይላኩት፤ አለዚያ መተግበሪያው ዳግም ጨምቆ የደከሙበትን ሊያበላሽብዎት ይችላል። እውነቱን ለመናገር ግን ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ዘመድ ካለ በሚሞሪ ካርድ መላክ ከዳታው ወጪም፣ እናትዎ ለማውረድ ከሚደክሙትም ይሻላል።

ድምፁ የጠፋው ስላልተለወጠ ነው። በቅንጫቢው ውስጥ ያለው ድምፅ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ኤሲ3 የሚባለው ነው፤ ሠራተኛው ምስሉን ለውጦ ድምፁን እንዳለ አሳልፎታል። ብዙ ስልኮች ይህን ድምፅ የሚፈታ ነገር በውስጣቸው የላቸውም፤ ምስሉን አሳይተው ዝም ይላሉ። እናትዎ ዛሬውኑ እንዲሰሙ ከፈለጉ ስልካቸው ላይ ቪኤልሲ የተባለውን ነፃ ማጫወቻ ያስጭኑላቸው፤ የራሱ መፍቻ ስላለው ያው ፋይል ይናገርላቸዋል። አዲሱን ቅጂ ሲሠሩ ግን ድምፁን ኤኤሲ በሚባለው፣ በሁለት ቻናል ያውጡት፤ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ያለ ችግር ይቀበሉታል። ዲቲኤስ የሚባል ሌላ የድምፅ ዓይነት ባለው ዲስክም ይኸው ይደርሳል፤ ሳምሰንግ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባወጣቸው ቴሌቪዥኖች ዲቲኤስን ትቶታል፣ ስለዚህ «ቴሌቪዥኔ አዲስ ነው» የሚለው መተማመኛ አይሆንም።

የአማርኛው ጽሑፍ ይቻላል፤ የምወደውም ክፍል ይህ ነው። ንግግሩን ሰምተው ትርጉሙን፣ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ እየጻፉ ኤስአርቲ የሚባለውን ተራ የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጃሉ፤ ሰብታይትል ኤዲት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ሥራውን ያቀልልዎታል። ፋይሉን ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ፤ አለዚያ ፊደሉ በሙሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ነገር ግን ጽሑፉን ለብቻው በፍላሹ ላይ አስቀምጠው ቴሌቪዥኑ እንዲያነበው አይተዉለት፤ የቆዩ ቴሌቪዥኖች የግእዝ ፊደል ቅርጽ በውስጣቸው ስለሌለ ከሥር የሚታየው የባዶ ሣጥን ሰልፍ ይሆናል። ሃንድብሬክ ላይ ኤስአርቲውን አስገብተው በርን ኢን የሚለውን ቢያበሩ ፊደሉ የምስሉ አካል ሆኖ ይታተማል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም መሣሪያ ያሳየዋል። ኮምፒውተርዎ ላይ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለው የፊደል ዓይነት መጫኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። በአንድ መስመር ከሰባት ስምንት ቃል አይበልጡ፤ የስልክ ማያ ትንሽ ነው፣ የእናትዎንም ዓይን ያስቡ። የታተመ ጽሑፍ ተመልሶ አይፋቅምና እናት ፋይሉ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉት።

መብራትን ሳናነሣ የዚህ ሰፈር ሥራ አይሟላም። ኤምፒፎር የሚባለው የቪዲዮ ፋይል ማውጫው፣ ማለትም ምስሉና ድምፁ የት የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር፣ በአብዛኛው የሚጻፈው ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ ሦስት ሰዓት የለፋ ኮምፒውተር ሊጨርስ አምስት ደቂቃ ሲቀረው መብራት ቢጠፋበት፣ ያለው ጊጋባይት ሁሉ ማውጫ የሌለው ስለሆነ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን እስከ ተቋረጠበት ድረስ ይጫወታል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ የሚጠቀሙ ከሆነ ኤምኬቪ አድርገው ያውጡና፣ ሲያልቅ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው መሣሪያ ዳግም ሳይጨምቁ ወደ ኤምፒፎር ያዛውሩት፤ ማዛወሩ ደቂቃዎች ብቻ ነው። ሠርጉን ለሁለት መክፈሉ እዚህም ይጠቅማል፤ መብራት ቢጠፋ የሚደገመው አንዱ ብቻ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን የእስክስታውን ሁለት ደቂቃ ብቻ አውጥተው ይሞክሩ፤ ሃንድብሬክ ከዚህ ሰከንድ እስከዚያ ሰከንድ ብሎ መቁረጥ ይፈቅዳል። ሁለቱ ደቂቃ ለማለቅ ሦስት ደቂቃ ከወሰደ ሙሉው 135 ደቂቃ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገደማ ይወስዳል ማለት ነው፤ ማታ ሊያስጀምሩት ይሁን ወይስ ቀን በዚያ ይወስናሉ። በግራፊክስ ካርድ የሚሠራው ፈጣን አማራጭ ጊዜ ይቆጥባል፤ በተመሳሳይ መጠን የሚሰጠው ጥራት ግን ስለሚያንስ፣ መጠኑ ለተገደበ ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

አራቱን የፊልም ዲስኮች በተመለከተ መልሴ የተለየ ነው። የሠርግ ዲስኩ በግል የተቀዳ ስለሆነ ቁልፍ የለበትም፤ የሚሸጡ ፊልሞች ግን ኤኤሲኤስ በሚባል ሥርዓት ተመስጥረው ነው የሚወጡት። ሃንድብሬክም ኤምኬቪቱልኒክስም ይህን ምስጢር አይፈቱም፤ ቢሞክሩ የሚያገኙት የተመሰቃቀለ ምስል ወይም ስሕተት ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ግለሰብ ታትሞ ከወጣ ሥራ ለራሱ የግል አገልግሎት ብቻ አንድ ቅጂ እንዲያባዛ የሚፈቅድ አንቀጽ አለው፤ ቁልፍ ሰብሮ መቅዳትን ግን እኔ በዚያ ፈቃድ ሥር አድርጌ አላነበውም፣ ለደንበኛም አልሠራም። በእነዚህ ዲስኮች ላይ ሌላም እንቅፋት ሊኖር ይችላል። የብሉሬይ ፊልሞች በሦስት ክልል ተከፍለው ይሸጣሉ፤ አሜሪካ በኤ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ በቢ ክልል ናቸው። ከዱባይ የመጣ ማጫወቻ ከአሜሪካ የተገዛውን ፊልም «ክልሉ አይደለም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ ሽፋኑ ጀርባ ላይ ያለውን ትንሽ ፊደል ይመልከቱ። በሣጥኑ ውስጥ ፊልሙን በኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል የኮድ ወረቀት ካለ እህትዎ እዚያው ባሉበት ቢያስመዘግቡት ይሻላል፤ እንዲህ ያሉ ኮዶች ብዙ ጊዜ በአገርም በጊዜም የተገደቡ ናቸውና።

ሥራው ሲያልቅ ሦስት ቦታዎችን ይመልከቱ፤ የተክሊሉን መጀመሪያ፣ እስክስታው የሞቀበትን ቦታና የጓደኞቹን ንግግር። ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተው፣ የስልኩንም ቅጂ ከእናትዎ ስልክ ጋር አንድ ዓይነት በሆነ ስልክ ላይ ከፍተው ይዩት። ዲስኩን በሣጥኑ ከተው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ያስቀምጡት፤ የቢዲኤምቪ ማኅደሩንም እናትዎ ደውለው ተክሊሉን ማየታቸውንና ንግግሩን ማንበባቸውን እስኪነግሩዎት ድረስ ከሃርድ ዲስክዎ አያጥፉት። ቴሌቪዥኑ ፋይሉን አልቀበልም ካለ ከጀርባው የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ይላኩልኝ፤ የሚቀረው አንድ ቁጥር ማስተካከል ብቻ ይሆናል።